የማን ጀርባ?

ሰሞኑን እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የክርስትና ድግስ ላይ ታድሜ ነበር። ሕፃኗ 80 ቀኗን ደፍና፣ ተጠምቃ፣ ማተቧ ታስሮላትና ነጭ ለብሳ ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ እንግዳው ወደ ምግቡ፣ ከምግቡም ወደ ጨዋታው ገባ። እናቷ ከአጠገቤ ቆማለች። ሕፃኗን በግራ ትከሻዋ ላይ ደግፋ፣ ሳህኗን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኑራ በቀኝ እጇ ትጎርሳለች። ከዓይኖቿ ሥር የተጋደመውን ጥቁረት የዕለቱ ኩል አልሸፈነውም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና ነውር እንደሚጠይቅ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያንቺ ልጅ ሌሊት ይተኛል?» አለችኝ።

የሆነውን ነገርኳት። ልጄ ስምንት ወር ሲሞላው በገዛ አልጋው ላይ ራሱ እንቅልፍ እንዲወስደው እንዳለማመድነው፣ ሦስት ሳምንት ያህል እንደፈጀብን፣ እንዳለቀሰም፣ አሁን ሁለት ዓመቱ እንደሆነና ደኅና እንደሚያድር አጫወትኳት። እሷ ድምፅዋን ዝቅ ማድረጓ ልክ ነበር፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። ጠረጴዛው ሰማኝ።

ከጠረጴዛው ራስ የተቀመጡት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ አንባቢ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «ፈረንጅ ውሻውንም ልጁንም ያሠለጥናል፤ እኛ ልጅ እናዝላለን እንጂ አናሠለጥንም!» አሉ። ሰው ሳቀ። አጨበጨበም። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያቺ እናት ግን አልሳቀችም፤ ዓይኗን ወደ ሳህኗ መለሰች። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀችኝም።

እነሆ የዚያን ዕለት ያልመለስኩትን ዛሬ በጽሑፍ እመልሳለሁ። ጋሼ፣ ይህን ካነበቡ ቅር እንዳይልዎት። መልሱ ለእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ላጨበጨብነው ሁሉ ነው።

በቅድሚያ የሚገባዎትን ልስጥዎ። በቃሉ ላይ ልክ ነዎት። «የእንቅልፍ ሥልጠና» የሚለው አነጋገር ከእንግሊዝኛው ተገልብጦ የመጣ ነው፤ ለጆሮም ይከብዳል። በእኛ ቋንቋ ሠለጠነ ከሚለው ግሥ ሥልጣንም፣ ሥልጣኔም፣ ሥልጠናም ይወለዳሉ። ሕፃን ግን የምንገዛው ሕዝብ፣ ወይም የምናሠለፈው ምልምል ወታደር አይደለም። ስለዚህ ቃሉን እተወዋለሁ። «ማለማመድ» የሚል፣ ልማድና ልምምድ የሚወለዱበት፣ የራሳችን ቃል አለን። እኔ ልጄን አለማመድኩት እንጂ አላሠለጠንኩትም።

ነገር ግን ቃሉን የተውኩልዎት ነገሩን ልተውልዎ አይደለም። «እኛ ልጅ አናስለቅስም» በሚለው ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ጡት ያስጣሉን እንዴት ነው? በየሠፈራችን እናቶች ጡታቸው ላይ እሬት ይቀባሉ። ልጁ እንደለመደው ሲጎርስ ይመረዋል፤ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ይጮኻል። ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል። ልቧ የማይችል እናት ልጇን ለጥቂት ቀናት አያቱ ዘንድ ልካ ታሳድራለች። ይህን ጭካኔ ያለ፣ ፈረንጅነት ያለ ማንም የለም። «ጊዜው ነው፤ ይለምደዋል» ተብሎ ታለፈ። ይለምደዋል! ቃሉ ራሱ እዚያው አለ። እናቶቻችን ልጅ አዲስ ነገር ሲለምድ እንደሚያለቅስ፣ ያ ልቅሶ ሁሉ የጉዳት ልቅሶ እንዳልሆነ፣ አጠገቡ የሚወደው ሰው ካለ እንደሚያልፍ ያውቁ ነበር። እንግዲህ ልጅን በመራራ ነገር ከጡት መለየት ባህል ከሆነ፣ እጅን ደረቱ ላይ አኑሮ በአልጋው እንዲያንቀላፋ ማለማመድ በምን ሒሳብ ክሕደት ይሆናል?

የፈረንጅ መጻሕፍትን ነገር ካነሣን ደግሞ በእውነት እናንሣው። ጥፋት አልነበረባቸውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ1894 ሉተር ኤሜት ሆልት የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ስለ ሕፃናት አያያዝ ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ልቅሶ ለሕፃን ሳንባ ጠቃሚ እንቅስቃሴ እንደሆነ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1928 የሥነ ልቦናው ሊቅ ጆን ዋትሰን ልጆቻችሁን አትቀፉ፣ አትሳሙ፣ ጠዋት በእጃችሁ ጨብጣችሁ ሰላም በሏቸው ሲል መክሯል። እነዚህን ሳነብ እኔም እንደ እርስዎ ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ነገር ግን ፈረንጅ የሚባል አንድ አፍ ያለው ፍጡር የለም። እ.ኤ.አ. በ1946 ቤንጃሚን ስፖክ መጥቶ እናቶች ሆይ፣ በራሳችሁ እመኑ አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ፈርበር፣ ወላጅ ጥቂት ደቂቃ እየታገሠ፣ እየገባ እያጽናና፣ የሚታገሥበትን ጊዜ ቀስ በቀስ እንዲያረዝም አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ2006 መጽሐፉን ሲያሻሽል ደግሞ ከልጅ ጋር አብሮ ስለ መተኛት የነበረውን ጥብቅ አቋም አላላው። እነሱም እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ኖረዋል፤ እየተራረሙም መጥተዋል። እኛ ግን ከመቶ ዓመት በፊት የተጻፈውን ይዘን ዛሬ የምትጨነቀውን እናት እንወቅስበታለን።

ስለ እንቅልፍም የሚታወቀውን በጥቂቱ ልናገር። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል፤ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ግን ለመጥባት ደጋግሞ ይነቃል። ቀንና ሌሊትን የሚለየው የሰውነቱ ሰዓት እስከ ሁለትና ሦስት ወር ድረስ ገና ይሠራል እንጂ አልተሠራም። በዚህ ዕድሜ ያለን ሕፃን «ብቻህን ተኛ» ማለት ዘር ሳይበቅል አጨዳ መውጣት ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ማናችንም ሌሊቱን ሙሉ ሳንነቃ አናድርም። የሕፃን የእንቅልፍ ዙር አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በየዙሩ መጨረሻ ዓይኑ ገለጥ ይላል። ልጅ የሚማረው አለመንቃትን አይደለም፤ ሲነቃ ተመልሶ ማንቀላፋትን ነው። ሲተኛ ጡት አፉ ውስጥ ከነበረ ሲነቃም ጡቱን ይፈልጋል። ሲተኛ እየተወዛወዘ ከነበረ ሲነቃም የሚያወዛውዘውን ይፈልጋል። አመል ሆኖበት፣ እናቱንም ሊበድል አስቦ አይደለም። እኛስ ሳሎን ተኝተን ወጥ ቤት ውስጥ ብንነቃ አንጮህም?

ጥናቶቹስ ምን አሉ? እ.ኤ.አ. በ2012 በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት ውጤት ታተመ። የእንቅልፍ ችግር ያለባቸው የ326 ሕፃናት ቤተሰቦች ከልጆቻቸው ሰባተኛ ወር ጀምሮ ታቅፈውበት ነበር፤ ገሚሶቹ ማለማመድን ተማሩ፣ ገሚሶቹ አልተማሩም። ልጆቹ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው በስሜታቸው፣ በጠባያቸው፣ ከወላጆቻቸው ጋር ባላቸው ፍቅር ልዩነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2016 በ43 ሕፃናት ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም የጭንቀት ምልክት ሆነ የፍቅር መጓደል አላገኘም። ባላጋራዬ ሊጠቅሰው የሚችለውን ደግሞ እኔው ልጥቀስለት። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒውዚላንድ 25 እናቶችና ሕፃናት የተጠኑበት ሥራ፣ ሕፃናቱ በሦስተኛው ቀን ማልቀሳቸውን ቢተዉም በምራቃቸው ውስጥ ያለው የጭንቀት ቅመም ግን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ የሚነጻጸርበት ሌላ ቡድንም አልነበረውም። ቢሆንም አልንቀውም፤ ልጄን ብቻውን ዘግቼበት ያልወጣሁት አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። ያ የአውስትራሊያ ጥናት ጉዳት እንዳላገኘ ሁሉ ከዓመታት በኋላ የዘለቀ ጥቅምም በልጆቹ ላይ አላገኘም። ያልተለማመዱትም በጊዜያቸው ተኝተዋል። ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው? ትርፉ የእናት ነው። በእነዚያው ቤተሰቦች ላይ ቀደም ብለው የወጡ ውጤቶች የተለማመዱት ሕፃናት እናቶች የድባቴ ምልክት እንደቀነሰላቸው አሳይተዋል። እዚህ ላይ ነው ጋሼ እኔና እርስዎ የምንለያየው። እርስዎ ስለ ልጁ ልቅሶ ያስባሉ። እናቲቱንስ ማን ያስብላት?

የእኔን ልናገር። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ያለው የፌደራል ሕግ ለወለደች እናት 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል። ያለ ደመወዝ ነው፤ ያውም ቢያንስ 50 ሰው የሚቀጥር መሥሪያ ቤት ውስጥ ለምትሠራ ነው። እኔ 10 ሳምንት ተቀመጥኩና ገንዘቡ ሲያልቅ ተመለስኩ። ባለቤቴ ሌሊት ይሠራል። ልጄ በየሰዓቱ ይነቃ ነበር። እኔም ባገኘሁት ብልሃት ሁሉ አዘልኩት፤ ዞርኩ፤ እሹሩሩ አልኩ። ሰባት ወር እንዲህ ሆንኩ። ቡና ላይ ስኳር የጨመርኩ መስሎኝ ጨው የጨመርኩበት ቀን አለ። መኪና አቁሜ እንዴት እንደደረስኩ ያላስታወስኩበት ቀንም አለ።

አንድ ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ገደማ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጬ እያጠባሁት እንቅልፍ ጣለኝ። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ልጁ ከክንዴ ተንሸራቶ በእኔ ጎንና በሶፋው መደገፊያ መካከል፣ ፊቱ ወደ ትራሱ ዞሮ አገኘው። አንሥቶት ሲያበቃ ነው የነቃሁት። ልጁ ደኅና ነበር። እኔ ግን እስኪነጋ ተንቀጠቀጥኩ። በኋላ እንዳነበብኩት በአሜሪካ በየዓመቱ 3,500 ያህል ሕፃናት ከአተኛኘት ጋር በተያያዘ ምክንያት ድንገት ይሞታሉ፤ ሶፋና ባለ መደገፊያ ወንበር ደግሞ ከሁሉም የከፉ ቦታዎች ናቸው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባደሰው ምክር ሕፃን በጀርባው፣ ጠንከር ባለና በተስተካከለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ለስላሳ ብርድ ልብስ፣ ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ነገር ግን በራሱ አልጋ እንዲተኛ ይላል። እኔ ልጄን በፍቅር ስም የት ቦታ አስተኝቼው እንደነበረ ተመልከቱ። የደከመች እናት እቅፍ ሁልጊዜ ከአልጋ ይሻላል የሚል ካለ ያንን ሶፋ ላሳየው እችላለሁ።

በማግሥቱ አገር ቤት ደውዬ ለእናቴ አለቀስኩላት። እናቴ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። «በእናንተ አገር ጉድ ነው! ልጅ ይታዘላል እንጂ ምን ይደረጋል?» አለችኝ። እኔም ከልቤ፣ «እማዬ፣ አንቺ እንዴት ቻልሽው? ቀን እያስተማርሽ ሌሊት እኔን እያዘልሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እኔማ የት ተነሥቼ!» አለች። «ያቺ ልጅ ነበረች እንጂ።»

ያቺ ልጅ። አስታወስኳት፤ በመልክ ሳይሆን በጀርባ። የሻማ ቀሚሷ ላይ የነበረው የጭስና የቅቤ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ደሴ ወደሚገኘው ቤታችን የመጣችው እኔ በተወለድኩበት በ1979 ዓ.ም. ነው። በ1977ቱ ድርቅ ወላጆቿን አጥታለች። ዘመድ ነኝ የሚል ሰው «ልጅ ትይዝላችኋለች፤ እናንተም አስተምሯት» ብሎ አመጣት። ዕድሜዋ 10 ቢሆን ነው። በቤታችን ስሟ እንኳ ተቀየረ፤ የወላጆቿ ስያሜ ለከተማ ጆሮ አልጣመም ተባለና ሌላ ወጣላት። ሁለቱንም ስሞች አልጽፋቸውም፤ የመጀመሪያው የእሷ ነው፣ ሁለተኛው ለእኛ ኀፍረት ነው።

እናቴ በስልክ እየሳቀች ቀጠለች። «ዓይኗ እንቅልፍ አይጠግብም ነበር እኮ! አንቺን አዝላ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ትተኛ ነበር። አባትሽ ‹እንደ ፈረስ ቆሞ መተኛት የምትችል ልጅ› እያለ ይስቅባት ነበር።»

እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ያቺን ልጅ አልመታቻትም፤ ያበላችኝን አብልታታለች። ግን ቆማ የምትተኛ የ10 ዓመት ልጅ ለሠላሳ ስምንት ዓመት በቤታችን እንደ ቀልድ ስትነገር ኖራለች። እኔም ራሴ ሳልተኛ ሰባት ወር እስክከርም ድረስ ቀልዱ ውስጥ ያለውን ሰው አላየሁትም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እኔ ሶፋው ላይ የሆንኩትን እሷ ግድግዳው ሥር ሆናለች፤ እኔ የ38 ዓመት ሴት ነኝ፣ እሷ ሕፃን ነበረች። እኔ ለልጄ ነው፤ እሷ ለማን? የተባለላት ትምህርት የማታ ሆነ፤ ማታ ደግሞ እኔ አለቅሳለሁ። ሦስተኛ ክፍል ላይ ተወችው።

እንግዲህ ጋሼ፣ «እኛ ልጅ እናዝላለን» ሲሉ ያቺ ልጅ ከ«እኛ» ውስጥ ትቆጠራለች ወይስ አትቆጠርም? እርስዎ አራት ልጆች አሳድገዋል፤ ስንቱን አዘሉ? በዕድሜዬ አንቀልባ ታጥቆ ያየሁት ወንድ ከአንድ እጄ ጣት አይበልጥም። ግጥሞቻችን የእናትን ጀርባ ያወድሳሉ፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ከተማ ውስጥ ላደግነው፣ መጽሐፍ ለማንበብና ግጥም ለመጻፍ ለታደልነው ለብዙዎቻችን፣ ያ ጀርባ የእናታችን አልነበረም። ስሟ የተቀየረ የአንዲት ገጠር ልጅ ነበር። ሥነ ጽሑፋችን ለዚያ ጀርባ ያለበትን ዕዳ ገና አልከፈለም።

ይህ ያለፈ ታሪክም አይደለም። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። የቤት ሠራተኝነትን የመሰለውን የግል አገልግሎት ሥራ ግን ይኸው አዋጅ ከወሰኑ ውጭ ትቶታል። በሪያድና በዱባይ፣ በቤሩትም ደግሞ የራሷን ሕፃን ለእናቷ ጥላ የሌላውን ሕፃን እሹሩሩ የምትል ኢትዮጵያዊት አለች። የእሷ ልጅ ወሎ ወይም አርሲ ውስጥ በማን ጀርባ እንደሚተኛ አንጠይቅም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይባላል። ድንቅ ምሳሌ ነው። ልጅ አስተዳደጋችንም በዚህ ምሳሌ ላይ የቆመ ነው እንላለን፤ አያት አለች፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለች፣ አራስ ጠያቂ ገንፎ ይዞ ይመጣል። እውነት ነው፤ ይህ ሁሉ ያለበት ቤት ልጁን ከእቅፍ ባያወርድ እኔ ምን አግብቶኝ! ግን በብዙ ቤት ሎሚው ለሃምሳ ሰው አልተከፋፈለም። አቅም ለሌላት ለአንዲት ልጅ ተሸክማው እንድትዞር ተሰጣት፤ እኛ ጌጡን አየን።

እዚህ ደግሞ ሃምሳው ሰው የለም። እናቴ ቪዛ ሁለት ጊዜ ተከልክላለች። በአገር ቤት ያለኝን ዘመድ ብዛት መቁጠር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። በሌለ ጀርባ ማዘል አይቻልም። ያለን ሁለት ጥንድ ክንድ ነው፤ አንዱ ጥንድ ደግሞ ሌሊት ሥራ ላይ ነው። ሌላ ጥንድ ክንድ ከሚያስፈልጋት ሰው በርካሽ ገዝቼ እናቴ ያደረገችውን ላድርግ? ወይስ ልጄን ቀስ ብዬ ላለማምደው? ሁለተኛውን መረጥኩ። ምርጫዬን ፈረንጅነት የሚለው ሰው የመጀመሪያውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ይንገረኝ።

ያደረግነውንም አልደብቅም። ባለቤቴ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ወሰደ። በየማታው በእኛ 1 ሰዓት ላይ ልጁን አጠብነው፤ አጠባሁት፤ መብራት ቀነስን። እሹሩሩውን አልተውነውም፤ ማንም ተዉት አላለንም። ዓይኑ ከበድ ሲል፣ ግን ሳይተኛ፣ በጀርባው አልጋው ላይ አጋደምነው። አባቱ አልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እጁን ደረቱ ላይ አኖረ። ልጁ 50 ደቂቃ አለቀሰ። እኔ ሳሎን ሆኜ በየደቂቃው ሰዓት አየሁ፤ እጄን ነከስኩ። በሁለተኛው ሌሊት 35 ደቂቃ ሆነ። በሦስተኛው ተመልሶ 50፤ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። በአምስተኛው 10 ደቂቃ። ወንበሩን በየሦስት ሌሊቱ ወደ በሩ ጥቂት ጥቂት አራቅነው። ሲያተኩሰው ሁሉን ትተን አቀፍነው፤ ሲሻለው እንደገና ጀመርን። ሌሊት አንድ ጊዜ ማጥባቴንም እስከ አሥረኛ ወሩ ቀጠልኩ። ብቻውን አልተተወም። የተማረው አጠገቡ ሰው እያለ፣ በራሱ አልጋ፣ በራሱ ጊዜ ዓይኑን መክደን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ እኔ ስድስት ሰዓት በተከታታይ ተኛሁ። ስነቃ ደንግጬ ወደ አልጋው ሮጥኩ። ልጁ ነቅቶ ጣቶቹን ያያል። አየኝና ሳቀ። ከዚያ ቀን በፊት ልጄ ሲስቅ በደንብ አይቼው እንደማላውቅ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ለካ ለሰባት ወር እንዲተኛ እንጂ እንዲስቅ አልጠበቅሁትም ነበር።

ከወዲያ በኩል ላሉትም አንድ ቃል አለኝ። ልጁ ሦስት ወር ሳይሞላው በር ዘግተው የሚወጡ፣ «የእኔ ልጅ 12 ሰዓት ይተኛል» እያሉ ሌላዋን እናት የሚያሳፍሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የካናዳ ጥናት እንዳሳየው ከስድስት ወር ሕፃናት መካከል 38 ከመቶ ያህሉ ስድስት ሰዓት በተከታታይ አይተኙም፤ በዓመታቸውም 28 ከመቶዎቹ ገና አይተኙም። ስለዚህ የማይተኛ ልጅ የተበላሸ ልጅ አይደለም፤ እናቱም ሰነፍ አይደለችም። ማለማመድ ግዴታ አይደለም። አቅሙና ሰው ያለው ይዘል፤ የሌለው ያለማምድ። እኔ የምቃወመው አንዱን መንገድ የእናትነት መለኪያ ማድረግን ነው። ከሁሉ በላይ የምቃወመው ደግሞ ጀርባ ሳይሰጡ ስለ ጀርባ መስበክን ነው።

ወደ ድግሱ ልመለስ። ጋሼ ያንን ተናግረው፣ እኛም ስቀን አጨብጭበን ስናበቃ፣ ያቺ እናት አሁንም ቆማ በአንድ እጇ ትበላ ነበር። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከስልሳ ሰው በላይ ነበርን። ሁላችንም ልጅ ይታዘላል በሚለው ተስማምተናል። «ልጅቱን አምጪልኝና ቁጭ ብለሽ ብይ» ያላት ግን አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኳትም። አፍሬ ነበርና የራሴን ኀፍረት እያስታመምኩ ነበር። ከጋሼ ንግግር ይልቅ እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ትናንት ደወልኩላት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄጄ ሕፃኗን አራት ሰዓት ልይዝላት፣ እሷም በሯን ዘግታ ልትተኛ ተስማማን። አንቀልባዬን ይዤ እሄዳለሁ። ጋሼ፣ ቤቷ ከእርስዎ ቤት ሩቅ አይደለም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰው የላትም። ጀርባዎ ደኅና ከሆነ አድራሻውን እልክልዎታለሁ።

ቸር ያሳድረን።